ትንፋሽ ያልተተወለት ጉልላት

መሪጌታ ጓንጉል ሰውን ለመናቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም ነበር። አሽቀሎን በገቡ በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ጎረቤታቸውን በጫማው፣ የምኩራቡን ዜመኛ በድምፁ፣ አማቻቸውን ደግሞ በሁሉም ነገር ንቀው ጨርሰዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በጎንደርና በጎጃም አድባራት ዜማና ቅኔ የተማረ ጆሮ ማንንም አይምርም ይሉ ነበር። ወደ እናታቸው ወገን፣ ወደ ቤተ እስራኤል፣ ተመልሰው ጥምጣማቸውንና መቋሚያቸውን ከተዉ ወዲህ፣ የቀራቸው ጌጥ ንቀት ብቻ ነው።

ከናቁት ሁሉ አብልጠው የናቁት ግን ሚግዳል ገበያ አጠገብ፣ አውቶቡሶች ከሚሰበሰቡበት ፊት ለፊት ያለውን ነገር ነበር። የሰፈሩ ሰው ሊማርም ሊጫወትም በሚሰበሰብበት በማትናሱ ግቢ ውስጥ ጭቃ፣ ጭድ፣ ሸምበቆ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ከባሕሩ ዳር የሚፈለጠው ቢጫ ድንጋይ ተደባልቀው የሁለት ሰው ቁመት ያህል ቆመዋል። ግድግዳ አለው፤ ቤት አይደለም። በር አለው፤ አያስገባም። ቅስት መስኮቶች አሉት፤ ከኋላቸው ሆኖ የሚመለከት ፍጡር የለም። በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች፣ በመካከልም አንድ ትልቅ ማማ ወጥተው ጉልላታቸውን ይጠብቃሉ።

የነገሩ ጠንሳሽ ጊል የሚባል ጎረምሳ ነው። በሱዳን በኩል ሲመጣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከውትድርና እንደወጣ ቅርጻ ቅርጽ ተማረና ማትናሱ ለአስተማሪነት ቀጠረው። የጎንደርን ግንብ በአንድ ፎቶግራፍ አይቶ፣ ብረትና ሲሚንቶ ሳይነካ ምድር በምትሰጠው ነገር ብቻ ሊያነሣው ቈርጧል። ሠራተኞቹ ስድስት ጡረተኛ ሴቶች ናቸው።

“ፔሴል ነው ሳባ፣” ብሎ አያቱን እንደሚጠራ አስረድቷቸው ነበር በመጀመሪያው ቀን። “ሐውልት በለው። ግን ቤት የሚመስል ሐውልት።”

“በለው?” አሉ መሪጌታ። “በለው የምትለው እኔን ነው?”

“ስሊኻ። በሉት።”

“መምሰልማ፣ በሬ የሚመስል ጎረቤት አለኝ፤ ግን አላርስበትም።”

ይህን ብለው ወደ ግቫት ጺዮን የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲያ ባለፉ ባገደሙ ቍጥር አንድ አንድ ቃል ጥለውበት ይሄዱ ነበር፤ ደብዳቤው ባይመጣ ኖሮም እንደዚሁ እንደጣሉ ዕድሜያቸው ባለቀ።

አገር መግቢያ ከሚፈቅደው ቢሮ የመጣው ደብዳቤ ስለ እኅታቸው ስለ ፋንታነሽ ነው። መሪጌታ፣ ልጃቸው ማናዬ ቀድማ ስለመጣች፣ የልጅ አባት ተብለው ገብተዋል። ፋንታነሽ ግን ልጅ የላትም፤ ያላት አንድ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራቸውን ከሚጠባበቁት ሰዎች ጋር በቆርቆሮ ቤት ሁለተኛ ክረምቷን ይዛለች፤ ሳል አለባት፤ ሰባን ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል።

ቢሮ ሲቀርቡ ሚሪ የምትባለው ፕኪዳ፣ የቢሮዋ ሠራተኛ፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። ማናዬ ታስተረጕም ነበር።

“አባባ፣ እርስዎ ስለ አያቴ ስለ ስንዱ ሲጠየቁ ከእስራኤል ዘር የሆነች የባላባት ልጅ ናት ብለዋል። አክስቴ ደግሞ እዚያ ስትጠየቅ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ያገባች ጊዜ ነው የተጠመቀችው ብላለች። ሁለት እናት ናቸው ወይ ነው የምትለው።”

“ፋንታነሽ ያልተማረች ናት። የምትናገረውን አታውቅም።”

ማናዬ ይህን አልተረጐመችም። ፕኪዳዋ ግን ፊታቸውን አይታ ቀጠለች፤ ማናዬም አንገቷን እንደደፋች ወደ አማርኛ መለሰችው።

“የዚያ አገር ሽማግሌዎች ተጠይቀዋል ትላለች። ከእኛ ወገን ርስት ያለው ባላባት በአገሩ አልነበረም ብለዋል። እናንተ ወንድምና እኅት በአንድ እናት ካልተስማማችሁ ቲኩን፣ ፋይሉን፣ ልትዘጋው ነው። አያቴን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ይምጣ ትላለች።”

ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ማናዬ ቆመች።

“ያልተማረችዋ እውነቱን ተናገረች። የተማረው ምን ይሁን?”

“አንቺም ፈራጅ ሆንሽ?”

“እኔ ምን ቸገረኝ። በቆርቆሮ ውስጥ የምትስለው እርስዎን ያሳደገች እኅት ናት።” ሻርፗን አስተካከለች። “እትዬ ውቢት የአገርዎ ሰው ናቸው። ማትናስ ግቢ ጭቃ ይዘው እንደሚውሉ ያውቃሉ። ይሂዱና ይጠይቋቸው።”

ማወቅስ ያውቃሉ። ቃላቸውን ጥለው በዚያ ግቢ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ገበያው የሚያዞሩት ለምን ሆነና።

እትዬ ውቢት ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። እርሳቸውና መሪጌታ የተወለዱባቸው ሁለት መንደሮች፣ የክርስቲያኑና የቤተ እስራኤሉ፣ በአንዲት ወንዝ ይለያዩ ነበር። ስንዱ ወንዙን ተሻግራ ከክርስቲያን ገበሬ ቤት ገባች፤ ተጠመቀች፤ በጋ በጋ ግን ከጓሮ ጭቃዋን አልተወችም። ጓንጉል እስከ ሰባት ዓመቱ ከጉልበቷ ሥር ተቀምጦ ጭቃ አድቦልቡሎ ያቀብላት ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ የጭቃ ልጅ አሉት። ያን ስም ሽሽት ጎጃም ተሻገረ። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቱ ሲጠየቅ አፉ የመጣለትን ተናገረ፤ ያም ቃል እንደ ካባ ተመቸው፤ ለብሶት አርባ አምስት ዓመት ኖረ። ዲያቆን ሆኖ አገሩን ሊጠይቅ በተመለሰ ጊዜም ገበያ ላይ ሸክላ ዘርግታ የተቀመጠችውን ውቢትን ሲያይ ፊቱን አማትቦ ምራቁን ተፋ። ዓይኗ ይበላኛል ብሎ የፈራ እንዲመስል ነው እንጂ የፈራውስ ሌላ ነገር ነበር። “የስንዱ ልጅ” ብላ እንዳትጠራው ነበር የፈራው።

እንግዲህ ወደዚህች ሴት ነው ምስክርነት ሊለምኑ የሚሄዱት።

ሲደርሱ እትዬ ውቢት ከግንቡ ጥላ ሥር፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ጭቃ ይጠቀልሉ ነበር። መሪጌታ በአንቱታ ሊጠሩዋቸው አሰቡ፤ አፋቸው እንቢ አለ።

“ውቢት፣ ደኅና ነሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?”

“ታውቂኛለሽ።”

“ዓይኔ ደክሟል። ምራቅህን ብትተፋ ምናልባት አውቅህ ይሆናል።”

በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መሪጌታ ጕሮሯቸውን ጠርገው፣ ጕዳዩ የቢሮ መሆኑን፣ የአንድ ሰዓት ነገር መሆኑን፣ እናታቸውን ስንዱን አውቃለሁ ማለት ብቻ የሚበቃ መሆኑን ተናገሩ።

“የትኛዋን ስንዱ?” አሉ እትዬ ውቢት ከእጃቸው ቀና ሳይሉ። “የባላባቱን ልጅ ስንዱን አላውቃትም። በአገራችን አልነበረችም። ሸክላ የምትሠራ ስንዱ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ያንተ እናት አይደለችም አሉ።”

“ማን አለ?”

“አንተ።”

መሪጌታ አልሄዱም። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ከግቢው አጥር ጥግ ካለው ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጡ፤ በማግስቱም መጥተው ተቀመጡ፤ በሦስተኛውም። ሴትዮዋ ትራራለች ብለው ነው። እስክትራራ ድረስም ያን የጭቃ ጕድ አንድ በአንድ ይንቁት ነበር። ግድግዳው የሆድ ድርቀት እንደያዘው ሰው ተነፍቷል ይላሉ። ቅስቱ የተኰሳተረ ቅንድብ ነው ይላሉ። በጎንደር ነገሥታቱ ግንብ ያሠሩት ሊኖሩበት ነው፤ ይህን የሚያሠራው ማን ነው፣ ማን ሊገባበት ነው ይላሉ።

“ዝናብ ሲመጣ ይፈርሳል፤” አላቸው አንድ ቀን ጊል በኩራት። “ወደ መሬት ይመለሳል። ሐሳቡ እሱ ነው።”

“ሊፈርስ የሚሠራ?”

“ኬን። አዎ።”

“ታዲያ ምን አደከመህ? የአሽቀሎን ማዘጋጃ ቤት ጠዋት የደለደለውን ማታ ያፈርሰው የለምን? እዚያ ብትቀጠር አይሻልም?”

በአራተኛው ቀን ጊል ለአራቱ የማዕዘን ማማዎች በፎቶግራፉ መሠረት ያበጃቸውን ጉልላቶች ለእሳት አቀረበ። ቅርጻቸው እንቍላል ይመስላል፤ ዙሪያቸው ድፍን ነው። ከአንድ ሞሻቭ፣ ከገበሬዎች መንደር፣ ኩበት አስመጥቶ፣ ጭድና ቅርንጫፍ ደርቦ ለኰሰ። ጢሱ ወደ አውቶቡሶቹ ሄደ፤ ሾፌሮች ተራገሙ። እሳቱ ገና በወጉ ሳይዝ ከውስጡ አንድ ነገር ጧ አለ። ደግሞ ጧ። ሴቶቹ ከግንቡ ኋላ ተሸሸጉ። አመዱ ሲገለጥ ከአራቱ አንድ እንኳ የተረፈ አልነበረም፤ ስባሪ ብቻ።

መሪጌታ አሽቀሎን ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ።

“አፈሩ ነው፤” አለ ጊል ስባሪውን እያገላበጠ። “አሸዋ በዝቶበታል።”

“አፈሩ ምን አደረገህ? ከአዳም ጀምሮ ሲሸከመን ኖሯል፤” አሉ መሪጌታ።

እትዬ ውቢት አልሳቁም። ሌሎቹን ሴቶችም ገላመጡና ዝም አሰኟቸው። ጊል ውሃ ሊቀዳ ዞር ሲል አንዲቱ ቀስ ብላ፣ “አያሳዝንም እትዬ? ለምን አንነግረውም?” አለቻቸው።

“ጠይቆኝ ያውቃል? እሱ የሚጠይቀው ፎቶግራፉን ነው። ፎቶግራፉ ይንገረው።” ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት መሪጌታን ነበር፤ መሪጌታ ነገሩን ያወቁት ጉልላቶቹ ሲፈነዱ አልነበረምና። እትዬ ውቢት በደንብ አይተዋል፤ ፈገግታቸው የጀመረው ቀደም ብሎ፣ ድፍኖቹ እንቍላሎች ወደ እሳቱ ሲገቡ ነው።

በማግስቱ እትዬ ውቢት ለመካከለኛው ማማ የሚሆነውን ትልቁን ጉልላት እኔ ልሥራ አሉ። ጊል ደስ አለው። ጥቅልል ጭቃ እየደረቡ፣ በቅል ስባሪ እያለሰለሱ፣ ከታች ሰፊ፣ ከአንገቱ ጠበብ፣ ከላይ እንደ ቡቃያ ሹል አድርገው አወጡት። መሪጌታ ከድንጋይ ካቡ ላይ ሆነው ያያሉ። እጁ የሚያውቅ እጅ ነው፤ የሚናቅ ነገር ፈልገው አጡበት። ማጣታቸውም አናደዳቸው።

እትዬ ውቢት የመጨረሻዋን ክፍት በአውራ ጣታቸው ገጥመው፣ አርጥበው፣ አለሰለሱ። ጉልላቱ ድፍን ሆነ።

“ትንፋሽ፤” አሉ መሪጌታ።

ቃሉ ሳይጠሩት ነው የወጣው።

“ምን አልከኝ?”

“ምንም።”

“እንግዲያው ለእሳት ዝግጁ ነው። ጊል፣ ነገ ጠዋት እናቃጥለው።”

መሪጌታ ተነሡ፤ ሊሄዱ ነው። ከአጥሩ በር ደርሰው ግን ተመለሱ፤ ያ ድፍን ጉልላት እንደ ተሳሳተ ዜማ ጆሯቸውን ይወጋው ነበርና።

“ምን ዓይነት ሸክላ ሠሪ ነሽ አንቺ? ትንፋሹን ዘጋሽበት። ሆዱ ውስጥ እርጥበት ታፍኗል። እሳት ሲነካው እንደዚህ ጎረምሳ እንቍላሎች ይበተናል። ሰባ ዓመት ጭቃ ይዘሽ ይህን ካላወቅሽ ምን ልታውቂ ነው?”

ጊል የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ።

“ይህን በቅኔ ቤት ነው ያስተማሩህ፣ መሪጌታ?” አሉ እትዬ ውቢት።

“ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።”

“ጊል አላወቀውም። አማችህም አያውቀውም። ደብተራም አያውቀውም። ባላባትም አያውቀውም።” ከአጠገባቸው ቀጭን የሸምበቆ ስንጥር አንሥተው ዘረጉላቸው። “እንካ። አንተው ክፈትለት። ወይም ሂድ፤ እኔም እንዲህ እንደ ታፈነ እሳት እሰጠዋለሁ። እንደሚፈነዳ ታውቃለህ። ዝም ብለህ ማየት ትችልበታለህ፤ ለምደኸዋል።”

ይህ የመጨረሻው ቃል ስለ ጉልላት እንዳልነበረ መሪጌታ ገባቸው። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትስለዋን ሴት አሰቧት። ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ተሸክማ የወሰደችው እሷ ነበረች፤ ስንቃቸውንም፣ እርሳቸውንም።

ስንጥሩን ተቀበሉ። ሴቶቹ ወደ አናቱ ይሄዳሉ ብለው ጠብቀው ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ከአናቱ ነውና የሚወጋው። መሪጌታ ግን ጎንበስ አሉ፤ ከአንገቱ ሥር፣ ከንፈሩ ጥላ ከሚጥልበት፣ ከታች ወደ ላይ አዘንብለው ወጉት። ስንጥሩንም ሲያወጡ አንድ ጊዜ አዞሩት።

እትዬ ውቢት ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱ።

“ከአንገቱ ሥር፤” አሉ።

“ከአናቱ ከተወጋ ዝናብ ይገባል። ዝናብ ከገባ ምሰሶው ይበሰብሳል።”

“ማን አለህ?”

መሪጌታ ሴቶቹን አዩ። ከስድስቱ አራቱ የጎንደር ናቸው፤ ዛሬ የተናገሩት ቃል ነገ በአጋሚም ሰፈር ፎቆች ሁሉ ይሰማል። ጊልን አዩ፤ አፉን ከፍቷል።

“እናቴ፤” አሉ። “ስንዱ። ሸክላ ሠሪ ነበረች።”

“እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤” አሉ እትዬ ውቢት ለሴቶቹ። “ወንዙን ተሻግሬ እሄድ ነበር። በዚያ አገር ከአንገቱ ሥር የሚወጋ ከእሷ በቀር አልነበረም።” ወደ መሪጌታ ዞሩ። “ዲያቆን ሆነህ አገር ስትመለስ የዘመርህበት ደብር፣ ከአናቱ ላይ የነበረው የሸክላ ጉልላት የማን እጅ ይመስልህ ነበር? የባላባት?”

መሪጌታ ያውቁ ነበር። እናታቸው በአህያ ጭና ስትወስደው ጭዱን የጐዘጐዙላት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ ጉልላት ሥር ቆመው ያንኑ እጅ ክደዋል። ተመልሰው ካቡ ላይ ተቀመጡ።

ጉልላቱ ሁለት ቀን ደርቆ እሳት ገባ። ከአንገቱ ሥር ቀጭን ጢስ እንደ ክር እየተመዘዘ ወጣ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ጊል ከአመዱ ሲያወጣው እንደ ዳቦ አገላብጦ አየው። “ሸክላ የሚሠራበት ትምህርት ቤት ተምሬ ይህን ማንም አልነገረኝም” ሊል ጀምሮ፣ የመሪጌታን ዓይን አይቶ ተወው።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ፣ መሪጌታና እትዬ ውቢት ማናዬም፣ ቢሮ ሄዱ። መጠበቂያው ክፍል በአገር ሰው ተሞልቶ ነበር፤ በሩም አይዘጋም። እትዬ ውቢት የሚያውቁትን ተናገሩ፤ የስንዱን ቤት፣ ወንዙን፣ የተጠመቀችበትን ዘመን፣ የልጆቿን ስም። ሚሪ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ መሪጌታ ዞረች።

“ታዲያ ባላባት ለምን አሉ ነው የምትለው፤” አለች ማናዬ።

መሪጌታ ሃያ ሁለት ዓመት የተማሩት ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ የሚያምር መልስ እንዲሰጣቸው ጠበቁ። አልሰጣቸውም።

“አፍሬ፤” አሉ።

ማናዬ አባቷን አየች፤ ከዚያ በአንድ ቃል ተረጐመችው። ፕኪዳዋም አንድ ቃል ጻፈች። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አያያዘችና ከሚላከው ክምር ላይ አኖረቻቸው። የሁለቱ ልጆች እናት አንዲት መሆኗ ተጽፏል፤ ፋንታነሽም ተራዋ ሲደርስ ትጠራለች ብላ አሰናበተቻቸው።

አውቶቡስ ውስጥ እትዬ ውቢት ከመስኮቱ ጎን ተቀመጡ።

“ነገ ጭቃ ረገጣ አለ፤” አሉ። “የምሥራቁ ግድግዳ እንደገና ይለሰናል።”

“ለእኔ ነው የሚነግሩኝ?” አሉ መሪጌታ።

“የስንዱ ልጅ አይደለህም?”

“እርስዎ ያን ነገር ያምኑበታል? ሊፈርስ የሚሠራ ግንብ?”

“እኔ ምን አገባኝ። እጄ ሥራ ፈቶ ከሚውል ብዬ ነው። ደግሞ ያንተን ንቀት በነፃ እሰማለሁ።”

በማግስቱ መሪጌታ ጓንጉል ጫማቸውን አውልቀው ከግንቡ ሥር ጎን ለጎን አኖሩ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው የሚግዳል ሕዝብ በሙሉ እያያቸው ከጭቃው ገቡ። ሁለት ዙር ረገጡ። በሦስተኛው ቆመው የጊልን ባልዲ አመለከቱ።

“ውሃ አብዝተሃል፤” አሉት። “ምን ተምረህ ነው የመጣኸው አንተ?”